ፊያት 124 ስፓይደርን በጅማ ክረምት መንዳት፦ ከመጋቢት 2016 እስከ መስከረም 2017 የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

መጋቢት 2016፣ የመጀመሪያው ሳምንት

መኪናዋን ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ጅማ ያስገባኋት ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነበር። የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ድርጅት ፒኒንፋሪና የነደፋት፣ ከላይ የሚታጠፍ ሸራ ጣሪያ ያላት ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ናት። ሞተሯ 1438 ሲሲ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ባለ ሁለት ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ)፣ ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ሲሆን አራቱም እግር የዲስክ ፍሬን አለው፤ የምትገፋው በኋላ እግር ነው። ፊያት ይህን ሞዴል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1966 በቶሪኖ የመኪና ትርዒት ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት የሰማሁት ምክር ሁሉ እንዲህ ያለ መኪና በክረምት አይወጣም የሚል ነበር። እኔም ከሰኔ እስከ መስከረም በላስቲክ ሸፍኜ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ቆለፍኩባት። መስከረም ላይ ስከፍት መቀመጫው ሻግቶ፣ የፊት ቀኝ የፍሬን ፒስተን ነክሶ፣ የፍሪሲዮን ሸራው ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ክብ ብረት) ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይነካት ይህ ሁሉ የደረሰው በላስቲኩ ሥር የታፈነው እርጥበት አራት ወር ሙሉ መውጫ ስላጣ ነው። ጥገናው 14,500 ብር ወሰደ።

ስለዚህ ዘንድሮ ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ልነዳት ወስኛለሁ። ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ 7 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ቤቴ የሚገባው 600 ሜትር ቀይ አፈር ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ስለሆነች ይህ 600 ሜትር ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ጭቃ ነው ማለት ይቻላል።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች ስፖርት መኪናቸውን በብርዱ ወራት ሳያቆሙ የሚነዱ ሰዎች ስላሉ ከእነሱ ልማድ ለእኛ የሚሆነውን ስለይ ሰነበትኩ። ይህችው ስፓይደር በፊያት የውድድር ክፍል በአባርት ተዘጋጅታ እ.ኤ.አ. በ1975 በሞንቴ ካርሎ ራሊ፣ በአልፕስ ተራሮች በረዶ ላይ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ መውጣቷን ሳውቅ ጭቃ ይከብዳታል የሚለው ፍርሃት ቀለለልኝ። እዚያ የመኪናው ትልቁ ጠላት በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው፤ ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ብረቱን በፍጥነት ያዝገዋል። እኛ ጋ መንገድ ላይ ጨው አይበተንም። ነገር ግን ቀዩ ጭቃ በፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ በሚሸፍነው ላሜራ) እጥፋት ውስጥ ተለጥፎ ለሳምንታት ስለማይደርቅ ያንኑ ጥፋት ቀስ ብሎ ያደርሳል። ስለዚህ ሥራውን ከሥር መጀመር እንዳለብኝ ግልጽ ነው።

መጋቢት፣ ሦስተኛው ሳምንት

በሁለት ክሪክ አንስቼ በአራት የብረት ማቆሚያ ላይ አስቀመጥኳት። ሥሯን በውኃ ግፊት አጥቤ፣ ሁለት ቀን አድርቄ፣ በካቻቪቴ ጫፍ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ወጋሁ። ይህ ዘዴ ቀላል ቢመስልም የሚዋሽ አይደለም፤ ደህናው ላሜራ ጠንካራ ድምፅ ሲሰጥ የበላው ዝም ብሎ ይገባል። በሾፌሩ በኩል ያለው ወለል ሁለት ቦታ ላይ፣ ከበሩ ሥር ያለው ሳጥን መሰል ላሜራ ደግሞ በኋለኛው ጫፉ ተበሳ። ከፊት የሾክ አብዞርበሩ ጫፍ የሚታሰርበት ማማ የዚህ መኪና የታወቀ ደካማ ጎን ስለሆነ በጣም ፈርቼው ነበር፤ የላይ ዝገት ብቻ ሆኖ ሲገኝ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ።

ብየዳውን ራሴ አልሞከርኩትም። ባለ 1.2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በ3,600 ብር ገዝቼ፣ ለበያጁ 12,000 ብር ከፈልኩ። ለአንቲሩጅን (ለዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ለሽቦ ብሩሽና ለመሞረጃ ዲስክ 2,000 ብር ወጣ። የቀድሞ ባለቤቷ ቀዳዳውን በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ቀብቶበት ስለነበር ስቱኮውን ማንሳት ብቻ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። ስቱኮ ውኃ ስለሚመጥጥ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ብስኩት ተፈርፍሮ ነበር።

ሚያዝያ፣ ሁለት ሳምንት

በብርድ አገሮች በላሜራው ክፍተቶች ውስጥ የሚረጨውን ሰም ጅማ ውስጥ ስፈልግ አላገኘሁም። የማር አገር ላይ ሆኜ ሰም ከውጭ ማስመጣት ስላልታየኝ ራሴ ለማዘጋጀት ወሰንኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ርካሽ ነው ብዬ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ በ600 ብር መግዛቴ ነው። አቅልጬ በነጠላ ጨርቅ ባጠልለውም ጥቃቅኑ ጉድፍ አልወጣ ብሎ የመርጫውን አፍንጫ ሦስት ጊዜ ደፈነው። በዚያ ላይ ሰፈፉ የማር ቅሪት ስለነበረው ጣቴ ላይ ይጣበቅ ነበር፤ ማር ደግሞ እርጥበት ስለሚስብ ብረት ላይ ማስቀመጥ የለብኝም ብዬ ሙሉውን ጣልኩት። በማግስቱ ከመርካቶ 2 ኪሎ የነጠረ ሰም በ1,400 ብር ገዛሁ።

ሁለተኛው ስህተት የልክ ነበር። ሰሙንና የሞተር ዘይቱን እኩል አድርጌ ስደባልቅ ሲቀዘቅዝ ጠንክሮ፣ ላሜራውን በእጄ ጫን ሳደርገው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀ ሰም ውኃውን ከሥሩ አስገብቶ ስለሚይዘው ሰም ካለመኖሩ የባሰ ነው። ከአራት ሙከራ በኋላ የሠራው አንድ እጅ ሰም፣ ሦስት እጅ ያልተጠቀሙበት የሞተር ዘይት፣ አንድ እጅ ላምባ ሆነ። ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ድስቱን እሳት ላይ በቀጥታ መጣድ አያስፈልግም፤ ውኃ በያዘ ትልቅ ድስት ውስጥ አስቀምጬ ካቀለጥኩት በኋላ ከእሳቱ በደንብ አርቄ ዘይቱን፣ በመጨረሻም ላምባውን ጨመርኩ። ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ሰው ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል።

የቀለም መርጫውን ለሁለት ቀን በ800 ብር ተከራይቼ፣ ከጫፉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አስሬ በሮቹ ውስጥ፣ በሳጥን መሰሉ ላሜራ ውስጥና በኋለኛው ፓራፋንጎ እጥፋት ውስጥ ረጨሁ። የፍሬን ዲስኮቹንና የጎማ ቡሾቹን አስቀድሜ በፌስታል ጠቅልዬ ነበር፤ ዘይት ፍሬን ላይ ካረፈ አደጋ ነው፣ ጎማንም ያሳብጣል። የዘይቱ ዋጋ 1,100 ብር ነው። ለሁለት ቀን ግቢው በሙሉ የሰም መዓዛ ሸተተ።

ግንቦት፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ጎማ። መኪናዋ ስትመጣ 185/60 አር 13 ተገጥሞላት ነበር። ለመልክ ያምራል፤ ለጅማ ግን ሁለት ጊዜ ስህተት ነው። ሰፊ ጎማ በውኃም በለስላሳ ጭቃም ላይ ይንሳፈፋል፤ ጠባቡ ግን ተጭኖ ወደ ጠንካራው መሬት ይወርዳል። የበረዶ አገር ሰዎች በብርዱ ወራት ጠባብ ጎማ የሚመርጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የቁመት ጉዳይ ነው። ፋብሪካው ይገጥምላት ከነበረው ጋር የሚቀራረበው 165/80 አር 13 ዲያሜትሩ 594 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የ185/60ው 552 ነው። የልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም 21 ሚሊ ሜትር፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ሥር ያለ ክፍተት ይሆናል። እግረ መንገዱንም የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደ ትክክለኛ ንባቡ ይመለሳል።

የብርድ አገሩ ጎማ ከ7 ዲግሪ በታች እንዳይደርቅ ተብሎ ከለስላሳ ጎማ የሚሠራ ስለሆነ እሱን አልፈለግሁም፤ በእኛ ሙቀት ቶሎ ያልቃል። የወሰድኩት ተራ ጎማ ነው፤ ሆኖም ጥርሱ ጥልቅና ጭቃ ለመትፋት ክፍት የሆነውን መረጥኩ። አራቱ በ6,500 ብር ሂሳብ 26,000፣ የጎሚስታው ክፍያ 1,200 ብር።

ከጎማው ጋር አያይዤ በአራቱም ሞላ ሥር 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጎማ አስገብቼ ነበር። ከኋላ ጥሩ ሠራ። ከፊት ግን የእግሮቹ አቋም ተለውጦ መሪው ወደ ግራ መሳብ ስለጀመረ በሦስተኛው ቀን የፊቶቹን አወጣኋቸው።

ግንቦት፣ የመጨረሻው ሳምንት

ዝናቡ ከመክፋቱ በፊት ውኃ የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ለመዝጋት ሦስት ቀን ሠራሁ። የሸራ ጣሪያውን ስፌት በሰም ክር አስደገምኩ፤ የበሮቹን ጎማ ቀየርኩ፤ ሲሊኮን ገዝቼ ከወለሉ ሥርና ከበሮቹ ታች ያገኘሁትን ቀዳዳ ሁሉ ደፈንኩ። ጠቅላላ ወጪው 2,150 ብር ነው። የውኃ ጎማ ይዤ ጣሪያዋ ላይ አሥር ደቂቃ ባፈስስም ወደ ውስጥ የገባ አልነበረም።

ሰኔ፣ ሁለተኛው ሳምንት

ከሥራ ስመለስ የአዌቱን ወንዝ ድልድይ እንደ ተሻገርኩ ሞተሩ መንተባተብ ጀመረ፤ ከዚያም ዳገቱ ላይ ጠፋ። ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፤ ነዳጅም አለ። መሽቶ ስለነበር ኮፈኑን ከፍቼ ከኋላዬ ለቆመው ልጅ "እስቲ አንድ ጊዜ አስነሳው፣ ወንድሜ" አልኩት። እሱ ሲያስነሳ በጨለማው ውስጥ የዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ዕቃ) ክዳን ላይ ቀጭን ሰማያዊ ብልጭታ ከአንዱ ገመድ ሥር ተነስቶ እንደ ጉንዳን እየተንቀሳቀሰ ወደ ማሰሪያው ክሊፕ ሲወርድ አየሁ። እሳቱ ካንዴላው ድረስ ሳይሄድ በእርጥቡ ክዳን ላይ ወደ ብረት ያልፍ ነበር። በሸሚዜ ጠርገን ክዳኑን በሰውነቴ ሙቀት ስናደርቀው ተነሳች።

ቤት ስደርስ ክዳኑን በአጉሊ መነጽር አየሁት። በውስጥ በኩል እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነ ጥቁር የካርቦን ዱካ ነበረበት። እንዲህ ያለ ዱካ ከተፈጠረ በኋላ ቢያጸዱትም እርጥበት ሲመጣ እሳቱ ያንኑ መንገድ ይከተላል። አዲስ ክዳንና የካንዴላ ገመዶች 4,800 ብር፣ አራት ካንዴላ 1,200 ብር፣ ለገመዶቹ ጫፍ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት 300 ብር ሆነ። ፑንቲናውንም (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን መገናኛ) አጽድቼ ክፍተቱን አስተካከልኩ። በመጨረሻ ከአሮጌ ካላማደሪ ቆርጬ በራዲያተሩና በዲስትሪቢዩተሩ መካከል ከፊት የሚመጣውን ርጭት የሚመልስ መጋረጃ ሠራሁ። ከሁሉም የጠቀመኝ ይህ ምንም ያልወጣበት መጋረጃ ይመስለኛል፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜም አልጠፋችም።

ሐምሌ፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ይህ ሳምንት የሥራዬን ግማሽ አፈረሰው።

መስኮቱ በየጠዋቱ ከውስጥ በኩል ጉም ይለብስ ነበር። ሰኞ ዕለት ፍሬን ስይዝ ከእግሬ ሥር የውኃ ድምፅ ሰማሁ። ምንጣፉን ሳነሳ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውኃ ጠጥቶ ከብዷል፤ በሾፌሩ በኩል ሁለት ጣት የሚያህል ቀይ ውኃ ተኝቷል። አዲስ የተበየደው ላሜራ ጠርዝ ላይ አንቲሩጅኑ አረፋ አውጥቶ ነበር። ግንቦት ላይ የውኃ ጎማውን ከላይ ብቻ እያፈሰስኩ ስለፈተሽኩ፣ ከጫማ የሚንጠባጠበውንና ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው የአየር መሳቢያ የሚገባውን ውኃ ከቶ አላሰብኩትም ነበር።

ወደ ጋራዥ ወስጄ በክሪክ ስትነሳ አንጋፋው መካኒክ ከሥሯ ገቡና ብዙ ሳይቆዩ ጠሩኝ።

"እነዚህን ቀዳዳዎች ማን ነው የደፈናቸው?"

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ውኃ እንዳይገባ ብዬ ነው።"

"መውጫዎቹ እኮ ናቸው።"

ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ሲሊኮኑን በካቻቪቴ ሲነቅሉት ውኃው በክንዳቸው ላይ ወረደ። ከግራው በር ብቻ ከአንድ ሊትር የማያንስ ወጣ። ፋብሪካው ከበሮቹ ሥርና ከሳጥን መሰሉ ላሜራ ታች የተዋቸው ቀዳዳዎች በመስታወቱ ጎን የሚገባው ውኃ እንዲፈስስ የተሠሩ ናቸው። የመስታወት ጎማ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን በሩ ውስጥ ውኃ መግባቱ አይቀርም፤ በሩም ይህን ታስቦበት የተሠራ ነው። እኔ ባለፈው ክረምት በላስቲክ ያደረግሁትን ዘንድሮ በሲሊኮን ደገምኩት። በብርድ አገሮችም ሥሩን በወፍራም ሬንጅ ቀብተው ጨዋማውን ውኃ ከውስጥ ያሠሩ ሰዎች መኪናቸውን ራሳቸው እንዳበሰበሱ አንብቤ ነበር፤ አንብቤውም አልገባኝም ነበር ማለት ነው።

ሁሉንም ቀዳዳ ከፈትኩ። ጭቃ እንዳይደፍናቸው በየእሑዱ በቀጭን ሽቦ እወጋቸዋለሁ። ስፖንጁን ጥዬ ምንጣፉን ውኃ በማይመጥጥ የጎማ ምንጣፍ በ4,400 ብር ቀየርኩ፤ ምሽት ላይ ተነስቶ ተንጠልጥሎ ያድራል። መኪናዋ የምታድርበትን የቆርቆሮ መጋዘን ግድግዳም በሁለት ወገን ከላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍቼ ነፋስ እንዲያልፍበት አደረግሁ። አረፋ ያወጣውን ጠርዝ ፍቄ እንደገና ቀባሁ። ከሦስት ቀን በኋላ መስኮቱ ጠዋት ላይ ጥርት ብሎ አደረ።

ሐምሌ፣ የመጨረሻው ሳምንት

የ600 ሜትሩ ጉዳይ። በሩ አጠገብ ያለው አቀበት ላይ የቡና ገለባ ሁለት ጋሪ አስበተንኩበት። የመጀመሪያው ቀን እንደ ምንጣፍ ደግፎ አሳለፈኝ፤ ዝናብ ሁለት ቀን ከመታው በኋላ ግን ተልቁጦ ከራሱ ከጭቃው የባሰ አንሸራታች ሆነ። አስጠርጌ በምትኩ ኮረት ባፈስስ ይሻል ነበር፤ ለጊዜው ግን ሁለት የቡና ጆንያ መኪናው ውስጥ አኑሬ ሲያዳልጣት ከኋላ ጎማዎቹ ፊት አነጥፋለሁ። ጆንያው የቃጫ መሆን አለበት፤ የፕላስቲኩ ራሱ ይንሸራተታል።

ከበረዶ ነጂዎች የወሰድኩት ሌላው ነገር ክብደት ነው። መኪናዋ ሞተሯ ከፊት ሆኖ የምትገፋው በኋላ ስለሆነ፣ ባዶዋን ስትሆን የኋላው እግር ይቀላል። 40 ኪሎ አሸዋ በሁለት ከረጢት አድርጌ ፖርታ ባጋሉ ውስጥ፣ በተቻለ መጠን ከኋላው አክስል በላይ አስሬ አስቀመጥኩ። ማሰሩ የግድ ነው፤ ያልታሰረ አሸዋ ኩርባ ላይ ሲንሸራተት መኪናውንም ይዞ ይሄዳል። ልዩነቱ በመጀመሪያው ጠዋት ታወቀኝ። 60 ኪሎ ስሞክር ግን ፊቱ ቀልሎ መሪው ጭቃው ላይ መታዘዝ ስላቆመ ወደ 40 መለስኩት።

አነዳዱን በተመለከተ፣ በሁለተኛ ማርሽ እነሳለሁ፤ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ እለቃለሁ፤ ፍሬኑን ከኩርባው በፊት ጨርሼ ኩርባው ውስጥ አልነካውም። የኋላው ሲሸሽ ነዳጁን በድንገት መልቀቅ ይበልጥ ያሽከረክራታል። ይህን የተማርኩት ወደ ጅሬን በሚወጣው ዳገት ላይ መኪናዋ በጎኗ ዞራ ስትቆም ነው፤ ደግነቱ ከፊትም ከኋላም ሰው አልነበረም።

ነሐሴ

ቀዝቃዛ አገር ውስጥ ራዲያተር ላይ አንቱፍሪዝ የሚጨመረው ውኃው በረዶ ሆኖ ሞተሩን እንዳይሰነጥቅ ነው፤ ጅማ ውስጥ ምን ያደርጋል የሚሉኝ አሉ። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ ተራ ውኃ እዚህ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። አንቱፍሪዝ የመፍያውን ደረጃ ከፍ ያደርጋል፤ የአሉሚኒየም ቴስታታውንም ከውስጥ ዝገት ይጠብቃል። ግማሽ በግማሽ ሞላሁት፤ 2,400 ብር። የቴርሞስታቱን ጓርኒሲዮን (ውኃ እንዳያፈስ የሚያሽገውን) ለማስቀየር 800 ብር። ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርጄ ስመለስ በረጅሙ አቀበት ላይ የሙቀት መርፌው ከመካከል አላለፈም።

ካርቡሬተሩ ላይ ነዳጅ የሚመጥነውን ትንሹን የነሐስ ቀዳዳ በአንድ ቁጥር ባነሰ ቀየርኩት። አየሩ ስስ በሆነበት ከፍታ ነዳጁ ስለሚበዛ ካንዴላዎቹ ጥቁር ይለብሱ ነበር፤ አሁን የቡና ቆሎ ቀለም ይዘዋል።

መስከረም 2017

መኪናዋ ከሰኔ ጀምሮ የቆመችው ሐምሌ ላይ ጋራዥ በገባችበት ሳምንት ብቻ ነው። ወጪውን ስደምረው 64,750 ብር ሆነ። አብዛኛው፣ ማለትም ብየዳውና ጎማው፣ በየዓመቱ የሚደገም አይደለም።

ዛሬ እንደገና በአራት ማቆሚያ ላይ አስቀምጬ በካቻቪቴው ወጋኋት። የፍሬን ፒስተኖቹ በእጅ ግፊት ይመለሳሉ፤ ፍሪሲዮኑ ነጻ ነው፤ መቀመጫው ላይ ሻጋታ የለም። በሳጥን መሰሉ ላሜራ ውስጥ ያለውን ሰም በትንሽ መብራት አየሁት፤ ለስላሳ ነው፣ አልተሰነጠቀም፣ የውኃ ጠብታ ላዩ ላይ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል። ከፊት የሾክ አብዞርበሩ ማማዎች ላይ ግን ጭቃው ሰሙን እየፈተገ ስላነሳው ሥሩ ያለው አንቲሩጅን ይታያል፤ እዚያ ላይ ለሚመጣው ዓመት ከካላማደሪ የተቆረጠ መከላከያ አስገባለሁ። በግራው በር ታችኛ ጠርዝ ላይ ደግሞ የሽምብራ ፍሬ የምታህል የቀለም እብጠት አለች። ያ በር አንድ ሊትር ውኃ ተሸክሞ የሰነበተው ነው። ጥቅምት ላይ ፀሐዩ ሲበረታ የውስጥ ልባሱን አውልቄ፣ ቀለሙን ፍቄ፣ ከሥሯ ያለውን አያለሁ።